ሳይነኩት የወሰዱት በጀት

ዶን ዴልፎር ኪሮጋ የፋኩልቲያችንን አሮጌ ሊፍት ለሃያ ሰባት ዓመት ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ ኩባያቸውን ይዘው በሌላው የብረቱን በር ይስባሉ፤ የትኛው ተማሪ መቼ እንደሚፈተን በቃላቸው ያውቃሉ። እኔ ኤልቪራ በቦነስ አይረስ ከተማ በዚያው የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ የበጀት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ።

ሚያዝያ ላይ ዲኑ ሊፍቱ እንዲቆም፣ የኮሪደሩም መብራት እንዲጠፋ አዘዙ። ማስታወቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዶን ዴልፎር አንብበው በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ በጀታችንን ማን ቆረጠው?»

«ማንም አልቆረጠውም። መንግሥት ያምናውን ቁጥር ነው የሰጠን፤ አንድ ፔሶ አልጎደለም።»

«ታዲያ ምን ነካን?»

የመብራቱን ሂሳብ አሳየኋቸው። ከአምናው አምስት እጥፍ ሆኗል። የሁሉም ነገር ዋጋ በየወሩ ሲንር የእኛ ቁጥር ግን ካለበት ንቅንቅ እንዳይል ተወስኖ ነበር። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ሂሳቡን ደግመው አነበቡት።

«ሳይነኩት ወሰዱት በይኛ» አሉ በመጨረሻ።

ያንን ቁጥር በየቀኑ ስጽፈው ለከረምኩት ለእኔም የሆነው ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

በሳምንቱ ሚላግሮስ የምትባል በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ተማሪ ለፈተና መጣች። ፈተናው አራተኛ ፎቅ ነው። የተዘጋውን በር አየችና ደረጃው ላይ አፍጥጣ ቀረች።

ዶን ዴልፎር ጉልበታቸውን እያሻሹ በጨለማው ደረጃ ወጡ። ፈታኟ ፕሮፌሰር ሳላቤሪ ተማሪው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። በኋላ ተማሪዎቹ እንደነገሩኝ፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ፕሮፌሰር፣ ልጅቷ መውጣት አትችልም» አሉ። «እርስዎ ግን መውረድ ይችላሉ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሠላሳ ተማሪ ወንበር ወንበሩን ተሸክሞ ተከተላቸው። ፈተናው ምድር ቤት፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት በዋናው በር አጠገብ ተሰጠ። ሚላግሮስ አለፈች።

ሊፍቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አልተከፈተም። ዶን ዴልፎር የማን ክፍል ወደ ምድር ቤት ይውረድ የሚለውን ሲያስተካክሉ ከረሙ። በቀጣዩ ዓመት ጡረታ የወጡ ዕለት ልሰናበታቸው ስሄድ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዘንድሮውስ ቁጥር ስንት ነው?

ያው ያምናው ነው አልኳቸው።