ባል በእጁ፣ ሚስት በእግሯ

ልብስ ሰፊዬን ልጠይቅ ቤታቸው ስገባ መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ክራንቹ ነው። ሁለቱም ክራንቾች ከአልጋው ራስጌ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ብብት ውስጥ የሚገባው ጫፋቸው ግን ልብስ ለብሷል። ግራጫ ሱፍ፣ ውስጡ ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ በጥቁር ቁልፎች የተቆለፈ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ዳር ሳይቀር በእጅ ተሰፍቷል። ለክራንች እንዲህ የሚጨነቅ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ብብቴን ሲልጠኝ ጊዜ አለበስኩት» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ትራስ ላይ ከተሰቀለው እግራቸው ጀርባ ብቅ ብለው። «እሱም እኮ ይበርደዋል፣ ልጄ።»

ቀኝ ተረከዛቸው የተሰበረው በእኔ ካፖርት ሰበብ ነው። የአባቴን ካፖርት በልኬ እንዲያጠብቡልኝ ሰጥቻቸው ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ የገበር ጨርቅ ሲያወርዱ፣ እታች ካፖርቱ ላይ የረሱት ካውያ ሸተታቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። እሳቸው ዘለሉ። ካፖርቱ ተረፈ፤ ተረከዛቸው ግን ሲሚንቶው ላይ እንደ ብስኩት ደቀቀ። ሐኪሙ ቀዶ፣ በብረትና በብሎን ሰብስቦ፣ «እስክፈቅድልዎ ድረስ በዚህ እግር እንዳይረግጡ» ብሎ ወደ ቤት ሰደዳቸው።

እሳቸውን የጨነቃቸው መራመዱ አልነበረም። የስፌት መኪናቸው በእግር የሚዞር የድሮ መኪና ነው። የልጃቸው ባል ሞተር ልግጠምልዎ ቢላቸው ተቆጡት።

«ጨርቁ ሲወፍርና ሲሳሳ የሚነግረኝ በእግሬ ነው። ሞተር ምን ይነግረኛል? ይሄ እግር ካልታዘዘኝ ግን...» አሉና ሳይጨርሱት፣ ከፋሻው ጫፍ የወጡትን ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ።

የካፖርቱን ነገር ይርሱት ብዬ ለመንኳቸው።

«አይሆንም። በእግሬ መጥቼ ነው የማለብስሽ።»

ሌላ ቀን ስሄድ የስፌት መኪናው ከሱቅ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆሟል። በር ላይ የተቀበለኝ ጭቅጭቅ ነው።

«ጓዳ ሆኜ ሰማሁህ! ሐኪሙ አትርገጥ አላለህም?» ይላሉ ሚስታቸው።

«መሬቱን ነው እንጂ መኪናውን መቼ አለኝ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እንቁላል እንኳ በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።»

«እንቁላል ብሎን አልገባበትም!»

«ቢገባበትስ እንዳንተ ጭንቅላት አይደርቅም።»

በግራ እግራቸውም ሞክረውት ነበር፤ መኪናው ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን በጠሰባቸው። ሚስታቸው ይሄን ሲሰሙ በርጩማ ጎትተው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁና ሁለቱን እግሮቻቸውን መርገጫው ላይ አሳረፉ።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«እግር። አንተ እጅ ሁን።»

መኪናው ተንደረደረ።

«ቀስ! ኧረ ቀስ! እጅጌ ነው የምንሰፋው፤ አውቶቡስ አላመለጠሽም!»

«አንተ ፍጠና!»

ልብስ ሰፊው እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ካፖርቴ አብሮ ተነሳ። የፒጃማቸውን እጅጌ ከካፖርቱ እጅጌ ጋር ሰፍተውታል። ሚስታቸው ሳቁ፤ ሲስቁ እግራቸው ሳያስቡት ረገጠ፣ መርፌውም በባዶው ተንጣጣ። እኔ ስፌቱን በምላጭ እየፈታሁ፣ ባልየው «ሳልለብሰው አትውሰጂው» እያሉ፣ ያ ክፍል የታመመ ሰው ቤት መሆኑን ለጊዜው ረሳሁት።

እንደገና ጀመሩ። አሁን ረጋ ያለ ድምፅ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስትየው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ ጨርቁን አንዴም ሳይመለከቱ፣ «ኮሌታው ጋ ደረስን አይደል?» አሉ።

ባልየው እጃቸው ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«እግሬ ሥር ከበደኝ።»

ልብስ ሰፊው ሚስታቸውን አዩ። ያን ያህል ዘመን አብረው ኖረው፣ እንዲህ አድርገው ያዩአቸው መጀመሪያ ያን ቀን ይመስለኛል። ብቻቸውን የሚያውቁት የሚመስላቸው ነገር ሌላ ሰው እግር ሥር ተገኘ። በዚያን ቀን ስለ ተረከዛቸው ደግመው አላነሱም።

ሐኪሙ ከፈቀደላቸው በኋላ፣ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው ካፖርቴን ክንዳቸው ላይ አጥፈው፣ ያንኑ ሱፍ የለበሰ ክራንች በአንድ ብብታቸው ይዘው ቆመዋል። አለበሱኝ፣ ትከሻውን ጎተት አደረጉ፣ ኮሌታውን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ተረከዝዎስ፣ ጋሼ?»

«ጠዋት ጠዋት ያጉረመርማል። ግን ይረግጣል።»

«እንግዲህ እትዬ ከመኪናው ተሻሩ ማለት ነው?»

«ማን ይሽራታል! ወፍራም ጨርቅ የእሷ ነው፤ ስስ ስሱ ለእኔ ተለቀቀልኝ» አሉና እንደ ልጅ ፈገግ አሉ።

እንዲገቡ ብለምናቸው «ሱፍ ጀምረን ነው የወጣሁት፤ እግሯን ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው» ብለው ዞሩ። ከበሬ ላይ ሆኜ አየኋቸው። አንዱ እርምጃ ረዘም፣ አንዱ አጠር፤ በእጅ የተሰፋ ስፌት ይመስላል። መንገዱ አጋማሽ ላይ ክራንቹን አነሱና እንደ ጥቅል ጨርቅ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ጥጉን ታጠፉ።