የእትዬ ወርቅውሃ አረንጓዴ ጠርሙሶች

እንደ እትዬ ወርቅውሃ ያለ ፈሪ አምቦ ውስጥ አይቼ አላውቅም። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ መብረቅ ሲጮህ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ውሻ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ሥራዋ ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ማጠብ ነበር።

በ2008ቱ ግርግር የኮሌጁ ላቦራቶሪ መብራት እየጠፋ ሲያስቸግር፣ ሞሲሳ የሚባል የማስተርስ ተማሪ አረንጓዴ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች አምጥቶ መስኮቷ ላይ ደረደረባት። ከወንጪ ሐይቅ የቀዳው ነው። "ሀርሜ" አላት፣ እናቴ ማለቱ ነው፤ "እዚህ ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ዓይን የለውም፤ ግን ቀንና ሌሊቱን ይቆጥራል። ብርሃን ሲያገኝ ምግቡን ይሠራል፤ ሲጨልም በውስጡ ያለው ጉልበት ይቀንሳል፣ መምሸቱን በዚያ ያውቃል። ጠዋት ግለጪው፣ ማታ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኚው። በቀን ከጨለመበት ቆጠራው ይዛባል፣ ልፋቴም ገደል ይገባል። ደግሞ አፍሽ ጋ እንዳይደርስ፤ መርዛም ዓይነት ሊኖርበት ይችላል።" አባቱ ታመው ስለነበር ይህን ብሎ ካቺሲ ሄደ። መንገድ ተዘጋና እዚያው ቀረ።

ከዚያ ፍተሻ መጣ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቤት ለቤት እየገቡ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ በሩን ቀረቀረ። እኔ ሮጬ ገባሁና "እትዬ፣ አልጋ ሥር ክተቺው፣ አለዚያ ድፊው! ከመስኮት ቢያዩት ምን ይላሉ?" አልኳት። "ገና ረፋድ ነው እኮ፣ ይዛባበታል" አለችኝ። ኧረ በስመአብ! ነፍሳችን ልትወጣ ነው፣ እሷ ለአረንጓዴ ውሃ ትጨነቃለች!

አዩት፤ ገቡ። አለቃቸው አንዱን ጠርሙስ አነሳና "ምንድን ነው ይሄ?" አላት። እኔ "የትምህርት ነው" ብል "አንቺን ማን ጠየቀሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። ወደ እሷ ዞሮ "መርዝ ካልሆነ ቅመሺዋ" አላት። ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? እንደዚያ ማለቱ ነው። እምቢ ብትል ጠርሙሱንም እሷንም ሊወስዱ ነው። መዳፏ ላይ አፈሰሰችና ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። ሰዎቹ ሳቁ፤ ጠርሙሱን አስቀምጠው ወጡ።

"መሞቴ ነው፣ መሞቴ ነው" እያለች ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ወተት አጠጣኋት። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ሆዷን ይዛ ስትገላበጥ ሰነበተች፤ በየመሃሉ ታዲያ "ግለጪልኝ፣ ሸፍኚልኝ" ትለኛለች። እየተሳደብኩ ገለጥኩ፣ እየተሳደብኩ ሸፈንኩ።

መንገድ ሲከፈት ሞሲሳ መጣ። የሆነውን ስነግረው ክው አለ። "ምነው ሀርሜ፣ ለምን አልደፋሽውም? ከዚሁ ውሃ ትርፍ እኮ አዲስ አበባ አስቀምጫለሁ!" አላት።

እትዬ ወርቅውሃ በሕይወቷ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ያን ቀን ጮኸች። "እኔስ? እኔ ትርፍ የት አለኝ? ለምን አልነገርከኝም?"