ከዋንዛው ሥር የተቀመጠው ጄኔሬተር

እንጀራዬ ምላሴ ነው። ቦንጋ ከተማ ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ካፊኖኖ ሳመላልስ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደን ውስጥ ባለችው በማንኪራ መንደር የደን ጥበቃ ስብሰባ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት።

እንግዶቹ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጡ ናቸው። ሰባት መኪና ጭቃውን እያቦካ ገባ። በሁለቱ እንግዶቹ ነበሩ፤ በቀሩት አስተርጓሚዎች፣ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ በአራት ቋንቋ የታተመ በካርቶን የታጨቀ ሰነድ። ዛፍ አትቁረጡ የሚል ይህን ሁሉ ወረቀት እኔም ተሸክሜ አወረድኩ፤ ምንም አልመሰለኝም። ለማዳመጫዎቹ የሚሠራውን ጄኔሬተር የት እናስቀምጥ ሲባል ትልቁን ዋንዛ ያሳየሁት ራሴ ነኝ። ጥላ አለው፣ ከስብሰባው ድንኳንም ራቅ ይላል ብዬ ነው። የከተማ ሰው ሆኛለሁና ቀና ብዬ አላየሁም። ዋንዛው ላይ የአንድ ሽማግሌ ቀፎዎች ተሰቅለው ነበር፤ ጊዜውም ዛፉ የሚያብብበት ነው።

ስብሰባው ተጀመረ። አንዱ እንግዳ ቀልድ ከተናገረ ሳቁ በየተራ ነበር የሚመጣው፤ መጀመሪያ ቋንቋውን የሚያውቁት፣ ቀጥሎ ማዳመጫ ያደረጉት፣ መጨረሻ ላይ እኔ የምተረጉምላቸው ገበሬዎች። የሽማግሌው ተራ ሲደርስ ስለ ደኑ አላወሩም። ማሽኑ ንቦቼን እያጨሰብኝ ነው፣ አጥፉልኝ አሉ። እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ አጠገቤ ያለው ወደ እንግሊዝኛ፤ ጥግ ላይ ያለችው ወደ ፈረንሳይኛ። ሰብሳቢው አመሰገኑ፤ ሐሳቡ በቃለ ጉባኤ ይያዝ አሉ። መልሱ በመጣበት መንገድ ተመልሶ እኔ ዘንድ ሳይደርስ የንብ መንጋ ከዋንዛው ላይ ተነሣ። ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ደኑ ገባ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪጠፋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

ዘንድሮ ከእንግዶቹ አንዷ ተመለሰች። ጃፓናዊት ናት፤ አንድ ብራዚላዊ ባልደረባ አስከትላ በሕዝብ አውቶቡስ ቦንጋ ወረደች። ድርጅቱ ማንኪራ ላይ ሌላ ስብሰባ አስቦ የመንደሩን ፈቃድ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። መንደሩ ደግሞ ሽማግሌውን ሳይሰማ እሺ አይልም። እሳቸው ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ከዋንዛው ሥር አስጠግተው አያውቁም። ከቀፎዎቹ በአንዱ ገና ዘንድሮ ንብ ገብቶላቸዋል፤ ዳግም እንዳይሄድባቸው ይሳሳሉ።

ወደ ማንኪራ በእግር ስንሄድ ሁለቱ በማላውቀው ቋንቋ ያወራሉ። ኤስፔራንቶ ነው አለችኝ፣ እኔም ጥቂት በምሰማው እንግሊዝኛ፤ የተለያየ አገር ሰው እንዲግባባበት ታስቦ የተሠራ ቋንቋ። ድርጅቶች በዚህ ቢሠሩ ያ ሁሉ ወረቀት አይታተምም፣ አስተርጓሚ በአውሮፕላን አይመላለስም፣ ጄኔሬተርም አያስፈልግም አለችኝ። በሆዴ ሳቅኩ። እንጀራዬን ልትቀሚኝ ነዋ የመጣሽው ስላት፣ የሽማግሌውን ቃል የሚያደርስ ሰው ሁሌም ያስፈልጋል፣ የሚቀነሱት ከአንተ በኋላ መሀል የሚገቡት ናቸው አለችኝ።

ሽማግሌው ጥያቄውን ሰምተው፣ ሁለቱ ከዋንዛው ሥር ይቀመጡና እንደ ስብሰባው ያውሩ፣ እኔ ልይ አሉ። ተቀመጡ። አወሩ፣ ተከራከሩ። ብራዚላዊው አንድ ነገር ሲል ሴትዮዋ እኩል ሳቀች፤ ሳቁ ማንንም አልጠበቀም። ግርም አለኝ። ከዓለም ዳርና ዳር የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መሀላቸው ላይ ሽቦ የለም፣ ወረቀት የለም፣ እንደ እኔ ያለ ሰው የለም። ከራሳቸው በላይ ንቦቹ ይገባሉ ይወጣሉ። ዕድሜዬን በሙሉ በቋንቋ ስሠራ እንዲህ ያለ ጸጥታ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቆዳዬ እስኪነዝረኝ ድረስ ተደነቅኩ።

ሽማግሌው ግን የሚሰሙት ሰዎቹን ሳይሆን ቀፎውን ነበር። ቆይተው የየትኛው አገር ቋንቋ እንደሆነ ጠየቁኝ። የየትኛውም አገር እንዳልሆነ፣ ሁለቱም እኩል ደክመው እንደተማሩት ነገርኳቸው።

«ንቦቹ አልሸሿቸውም» አሉ። «ይምጡ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ተማረው። ያን ቀን ቃሌን በደንብ አድርሰህልኛል። ማሽኑ የት እንዳለ ግን ታውቅ ነበር፤ ሄደህ አላጠፋኸውም።»

ሴትዮዋ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ይምጡ ብለዋል አልኳት። የቀረውን አልተረጎምኩላትም።