አባቴ፣ ጢሙና የባሕር ማስኩ

ወንድሜ ከጅቡቲ ደውሎ «አባዬ፣ ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማስክ ልኬልሃለሁ» ሲለው፣ አባቴ መጀመሪያ የጠየቀው ኮሮና ተመልሶ እንደሆነ ነው። አልተመለሰም። ወንድሜ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ባሕር ውስጥ ፊቱን ነክሮ ዓሣ ማየት ለምዷል። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ያስተማረው፣ ቀይ ባሕርን ለስንቱ ተማሪ በሰማያዊ ጠመኔ የሳለው አባታችን አንድም ቀን ባሕር አለማየቱ ወንድሜን ሲከነክነው ኖሯል። ማስኩን ተለማመድና ና፣ ቲኬትህን እኔ እቆርጣለሁ አለው። አባቴም እሺ አለ።

ይህ እሺ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። እናቴ ከሞተች በኋላ ጎተራ ኮንዶሚኒየም እኔ ቤት አምጥቼው፣ ከቤት የሚወጣው ለቅዳሴና ለለቅሶ ብቻ ነበር። ቀሪውን ጊዜ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መኪና ያያል፣ ጢሙንም ያሳድጋል። ሐዘን ላይ ያለ ወንድ አይላጭም፤ ወግ ነው፣ ማንም ምንም አይለውም። ነገር ግን የእናቴ ሙት ዓመት አለፈ፣ ጥቁሩም ወለቀ፣ ጢሙ ግን ባለበት ቀጠለ። የእድር ሽማግሌዎች መጥተው ይበቃል፣ አሁን ይላጩ አሉት። እሺ አላቸው። የነፍስ አባቱ መጥተው ሐዘን ሲበዛ ፈጣሪን ማስቀየም ነው አሉት። እሺ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። አክስቴ ከቄራ መጥታ አለቀሰችበት፤ እሷንም እሺ አላት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ የተረተው ሰው አባቴን አያውቀውም። ጢሙ ደረቱ ላይ ደረሰ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነበር። እናቴን ተከትሎ ቀስ እያለ እየሄደብኝ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ስለዚህ ዓሣ አየ አላየ ግድ አልነበረኝም፤ ከዚያ በረንዳ ይነሣልኝ እንጂ።

ማስኩ መጣ። ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍን መስታወት መሰል ነገር፣ ዙሪያውን ለስላሳ ጎማ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ የአየር ቧንቧ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አብሮት የመጣውን ወረቀት የፈተና ወረቀት በሚያርምበት አኳኋን አነበበው። እኔም ቢሮ፣ ካዛንቺስ፣ ሥራ ያለኝ መስዬ ኢንተርኔት ላይ ስለዚሁ ማስክ ሳነብ ዋልኩ። ማታ ራት ላይ ተገናኝተን ማስኩ ለአባቴ ይሆናል አይሆንም የሚለውን መከርንበት።

የሚሆንባቸው ምክንያቶች ነበሩ። ተራው የዋና ቧንቧ በጥርስ የሚነከስ ነው፤ የአባቴ የላይኛው ጥርስ ደግሞ ሰው ሠራሽ ነው። ቧንቧ ነክሼ ጥርሴን ለባሕር አልገብርም አለ። በዚህኛው ግን አፍህን ዘግተህ በአፍንጫህ እንደ ልብህ ትተነፍሳለህ፣ ግራ ቀኙንም ሰፋ አድርገህ ታያለህ። ደህና። የማይሆንባቸውም ነበሩ። በደንብ ካልተሠራ የተነፈስከው አየር ተመልሶ እዚያው ይታመቃል፣ ስለዚህ አለከልካለሁ ማለት አይቻልም። ቶሎ ማውለቅን አስቀድሞ እግር በሚደርስበት ውሃ መለማመድ ያስፈልጋል። ወደ ታች መጥለቅም የለም፤ ጆሮ ሲደፈን አፍንጫህን ይዘህ እንዳትከፍተው አፍንጫህ መስታወቱ ውስጥ ነው።

«ወደ ታች ምን ልሠራ እወርዳለሁ?» አለ አባቴ። «ጊዜው ሲደርስ ያወርዱኝ የለ።»

ይህን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩና የመጨረሻውን አነበብኩለት። ጢም ላለው ሰው አይመከርም፤ ጎማው ከቆዳ ጋር ካልገጠመ ውሃ ያስገባል። አባቴ ምን ያህል ጢም የሚል ነገር ተጽፎ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተጻፈም አልኩት። እንግዲያው በተግባር እናየዋለን አለና ተነሥቶ ተኛ።

በተግባር ያየነው የቧንቧ ውሃ በመጣበት ቀን ነው። ትልቁን ሳፋ ሞልቼ ደረጃው አጠገብ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩለት፤ እቤት ውስጥ ሶፋው ይረጥባል ብዬ። አባቴ ማስኩን አጠለቀ፣ ትራስ ላይ ተንበረከከ፣ ፊቱንም ሳፋው ውስጥ ነከረ። ልክ በዚያ ሰዓት ጎረቤቴ ለዒድ የገዛችውን ሽንኩርት በዘንቢል ይዛ ደረጃውን ወጥታ ከች አለች። አንድ ሽማግሌ ተደፍቶ፣ አናቱ ላይ ቧንቧ በቅሎ፣ በቧንቧው ሲያፏጭ አየች። ሽንኩርቱ እስከ ታችኛው ፎቅ ተንከባለለ። አባቴ ጩኸቱን ሰምቶ ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ውሃ እስከ ከንፈሩ ሞልቷል፤ ጢሙም ውስጡ ይዋኛል። አውልቆ ካፈሰሰው በኋላ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሐይቅ እንዴት እንደሚፈጠር በዚህ ይገባችኋል ብሎ ለሁለታችንም አስረዳን።

ጎረቤቴ ድንጋጤዋ ሲያልፍ የመጣላት ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ማስኩን ተዋሰችና በሻሿ ላይ አጥልቃ ያን ሁሉ ሽንኩርት ከተፈችበት። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ልጆቿ እናታቸውን ለማየት ተሰልፈው ነበር። ማስኩ ፊቷ ላይ ልክክ ብሎ እንደገጠመ አባቴ በቅርብ ሆኖ መረመረና፣ ዕቃው ጥፋት እንደሌለበት ፈረደ። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

እኔም ሞክሬው ነበር፣ አልደብቅም። ሹሩባዬ ላይ ማሰሪያውን ሳጠብቅ ዓለም ሁሉ ጠበበኝ፤ የራሴን ትንፋሽ ስሰማ ሌላ ሰው አብሮኝ የገባ መሰለኝ፤ ውሃ ሳልነካ አውልቄ ጣልኩት። ለእኔ አይሆንም። በዚህ ላይ ምክክርም አላስፈለገም።

ኢንተርኔቱ ጢም ያላቸው ሰዎች ቫዝሊን እንደሚቀቡ ይናገራል። አባቴ ቫዝሊን አልተዋጠለትም። ውሃ የማያስገባ ነገር ከተፈለገ አገራችን ውስጥ ምን ጠፍቶ ነው አለ። ጎረቤቴም እውነታቸውን ነው ብላ አንድ ሳህን ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ይህን ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ተምሬያለሁ፣ ቢሮ አለኝ። ነገር ግን አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር በራሱ ሐሳብ ሲያመነጭ ማየቴ ነውና አፌን ዘጋሁ። ቅዳሜ ጢሙን እስከ ሥሩ በቅቤ አሽተን፣ ካዛንቺስ ወዳለ አንድ ሆቴል መዋኛ ለመሄድ ታክሲ ተሳፈርን።

ፀሐይዋ በመስኮቱ በአባቴ በኩል ነበረች። ስታዲየም ስንደርስ ቅቤው መውዛት ጀመረ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአቅራቢያው ጥሩ ክትፎ ቤት መኖር አለመኖሩን ተከራከሩ። አባቴ በቁምነገር ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ስልኬን አየሁ።

መዋኛው ዳር ጠባቂው ተቀበለን። ጥልቀት ወዳለው ክፍል እንዳንሄድ ነግሮን፣ ማስኩንም አገላብጦ አድንቆ ለቀቀን። አባቴ ወገቡ ድረስ በሚደርሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ አጠለቀና ተደፋ። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ የሰመረ መሰለኝ። ውሃ አልገባም። ከዚያ ግን ቅቤው መስታወቱ ውስጥ በአባቴ ትንፋሽ ቀልጦ ወደ ዓይኑ ወረደ፤ የተረፈው ወጥቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። የሆቴሉ መዋኛ የበዓል ወጥ መስሎ አብረቀረቀ። ሁለት እንግዶች ቶሎ ብለው ወጡ።

«ፋዘር፣ ይቅርታ» አለ ጠባቂው። «ውሃው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው» አለ አባቴ። ዋሽቶ አያውቅም።

«የምን ቅቤ?»

«ለጋ።»

ጠባቂው ሥራው ላይ እንዲህ ላለ ነገር የሚሆን መመሪያ አልነበረውም። በአክብሮት ደግፎ አወጣውና ፎጣ አለበሰው። ከዚያም ማስኩን እያሳየው፣ ፋዘር ማለቴ ይሄ ነገር ከጢም ጋር አይሄድም፣ በቃ ይላጩትና ይምጡ፣ ደስ እያለን ነው የምናስተናግድዎት አለው። አባቴ እሺ አለ።

ያቺን እሺ ስሰማ ነው ደሜ የፈላው። ውጭ፣ ሆቴሉ አጥር ሥር፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ ለቀቅኩበት። እድሩ ተላጭ አለህ፣ ቄሱ ተላጭ አሉህ፣ አክስቴ አለቀሰችልህ፣ አሁን ደግሞ ማስኩ ራሱ ተላጭ እያለህ ነው፤ ካልሞትኩ ብለህ ከሆነ ንገረኝና ልወቀው አልኩት። አባትን እንዲህ አይናገሩም። ተናገርኩ።

አባቴ በፎጣው ጢሙን ጠረገ። አልተቆጣም።

«ተላጭ፣ ተላጭ ትሉኛላችሁ» አለ። «ማን ይላጨኝ?»

አልገባኝም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ይንቀጠቀጣል። ይህን አውቃለሁ፤ የዕድሜ ነው ብዬ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ሻይውን በሁለት እጁ እንደሚይዝ በየቀኑ አያለሁ፤ ምላጭ በሁለት እጅ እንደማይያዝ ግን አስቤው አላውቅም። ጠመኔ ከእጁ መውደቅ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በር ዘግታ የምትላጨው እናቴ ነበረች። ለእኛ እንዳትናገር አደራ ብሏት ነበር፤ እሷም አልተናገረችም። እኔ ደግሞ በሩ ሲዘጋ የሚያሙን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ፀጉር ቤት ሄዶም ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፀጉር አስተካካዩ እንዴት ላድርግልዎት ብሎ ጠየቀው። እናቴ ጠይቃው አታውቅም። አባቴ ቦርሳዬን ረሳሁ ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ያ ሁሉ ሰው ወጥቶ ወርዶ ሐዘን ነው ያለው ጢም ይኼ ነበር። ሐዘን አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ሐዘኑስ አለ። ብቻ ሁላችንም ትእዛዝ ይዘን መጣን እንጂ ምላጭ ይዞ የመጣ አልነበረም። እዚያው አጥሩ ሥር አለቀስኩ። አባቴ ፎጣውን ሰጠኝ፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። የሆቴሉ ፎጣ እንደሆነም ያን ጊዜ ነው ያየነው።

እቤት ገብተን መጀመሪያ በመቀስ ከረከምኩት፣ ከዚያ ሳሙና ቀባሁትና ምላጩን ያዝኩ። ሰው ላጭቼ አላውቅም። ቅቤው ጢሙን አለስልሶት ስለነበር ያን ያህል አላስቸገረም፤ ያስቸገረኝ ምላጩን በየት በኩል እንደምሰድ አለማወቄ ነው። አገጩ ሥር ቆረጥኩት። እናትሽ ከታች ወደ ላይ አትሄድም ነበር አለኝ፤ አቅጣጫ ቀየርኩ። ጉንጩን ወጠር፣ አንገቱን ቀና እያደረገ፣ ሳልጠይቀው ፊቱን ያዘጋጅልኝ ነበር። ለካ ፊቱ ልማዱን አልረሳም። ስንጨርስ የከሳ፣ ነጣ ያለ፣ የማውቀው አባቴ ተቀምጧል። ሦስት ቦታ ሶፍት ተለጥፎበታል።

ፎጣውን አጥበን ከሁለት ቀን በኋላ ይዘንላቸው ሄድን። ጠባቂው አባቴን አላወቀውም። አንድ ወንድምዎ ባለፈው ቅቤ ተቀብተው መጥተው ነበር፣ ደህና ናቸው? ብሎ ጠየቀው።

«ተመክሯል» አለ አባቴ።

እግሩ በሚደርስበት ውሃ ውስጥ ማጥለቅና ማውለቅን ደጋግመን ተለማመድን። ከዚያ ተደፋ። እኔ ዳር ተቀምጬ እግሬን ውሃ ውስጥ አድርጌ በቧንቧው የሚወጣውን ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ ዝግ ያለ፣ እኩል እኩል የሚሄድ ነበር። ሰውየው ከሴራሚክ በቀር ምንም የሌለበትን ወለል ዞር ዞር እያለ አየ። ቆይቶ ቆመና ማስኩን አወለቀ። ውስጡ ደረቅ ነበር። እንዴት ነበር አልኩት።

እርጥብ መዳፉን ጉንጩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። ዓይኑ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ውሃው ነበር።

«በሳምንት ተመልሶ ያድጋል እኮ» አለኝ።

«እሑድ እሑድ እላጭሃለሁ» አልኩት።

«ከቅዳሴ መልስ» አለና ማስኩን አጥልቆ ተመልሶ ገባ።