ከመስመሩ የወጡት ታንኳዎች

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼ በወንድሜ በአስናቀ መጻሕፍት ራሴን አስተምር ስለነበር፣ ጸሐፊ አድርጎ ደቅ ደሴት ሲወስደኝ ደስ አለኝ። ደስታዬ ከወደቡ አላለፈም።

አስናቀ ባሕር ዳር ሒሳብ ያስተምራል። ከደንገል ሣር የሚሠራ ታንኳ ስንት ቀን አገልግሎ ውኃ ጠጥቶ እንደሚጣል የሚገምት አዲስ የይሆናልነት ቀመር እየሠራ ነበር፤ ለአምፖል ዕድሜ የሚያገለግለው የድሮው ቀመር ለታንኳ እንቢ ብሎታል። አንድ መሥሪያ ቤት ከቀመሩ አንድ ቁጥር ወስዶ፣ ከዚያ ቀን ያለፈ ታንኳ ሁሉ ሰው እንዳይጭን ሊከለክል አስቧል። ቀመሩን የያዘው ወረቀት ሰኞ ለመሥሪያ ቤቱ ከደረሰ ደግሞ አስናቀ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ይላካል።

ዐርብ ጠዋት፣ ወደቡ

የወደቡ ጠባቂ የቀበሌ መሸኛችንን አይቶ የአስናቀን ደብተር ገለጠ። ውስጡ የተሳለው መስመር ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።

«ይህ የየት ተራራ ነው?»

«ተራራ አይደለም ጓድ፤ የታንኳ ዕድሜ ነው።»

«ታንኳ ሲያረጅ እንዲህ ይጎብጣል?»

አስናቀ ማስረዳት ጀመረ። እሱ ማስረዳት ከጀመረ መች ያበቃል? ጀልባዋ ጥላን ልትሄድ ምንም አልቀራት።

ዐርብ ከሰዓት፣ ደቅ

ባለታንኳዎቹን ታንኳቸው መች እንደተሠራ፣ የቀድሞውም መች እንዳለቀ እንጠይቃለን። «ለኅዳር ሚካኤል» ይላል አንዱ፤ «ጾም ሲያዝ» ይላል ሌላው። እኔ በጣቴ ወደ ቀን እመነዝራለሁ። ስድስት ገጽ ጻፍሁ፤ አስናቀ ቶሎ ያለቁትን «ስሕተት ናቸው» እያለ ሁለት ገጽ ሰረዘብኝ። ምሳችን ደረቅ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ነበር፤ እሱንም በሰላም አላስበላኝም።

«አስኔ፣ ታንኳው የበሰበሰበትን ሰው አልበሰበሰም ልትለው ነው?»

«ከመስመሩ ወጥተዋል።»

«መስመሩ ከእነሱ ወጥቶ እንደሆነስ?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ቅዳሜ፣ የገዳሙ ዳርቻ

በማግሥቱ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ በታንኳቸው ወደ ጎረቤቱ ደሴት አሻገሩን። በደብተሬ ካሉት ሁሉ አሮጌው ታንኳ የእሳቸው ነው፤ ክልከላው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ አስናቀ የመነኮሳቱን ታንኳ ሊጠይቅ ብቻውን ወጣ። አያ ደምሴ ታንኳውን ጎትተው ከድንጋይ ላይ ለፀሐይ አቆሙት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጉታል?»

«ኋላስ! ከተሻገርሁ በኋላ ፀሐይ ሳይመታው አልሳፈርበትም። እንጨት የሚያመላልሱት ግን ማድረቂያ ጊዜ የላቸውም፤ አዲሱም ወር ሳይሞላው ይበሰብስባቸዋል።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩን?»

«ወንድምሽ የታንኳውን የልደት ቀን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ማድረቁን መች ጠየቀኝ?»

ራሴን ያዝሁ። ያን ሁሉ ገጽ የሞላሁት ልደት ነው።

አስናቀ ሲመለስ ደብተሩን ከነወሬው ሰጠሁት። የተሰረዙትን ስም በስም ለአያ ደምሴ አነበበላቸው። «ሁሉም እንጨት አመላላሽ ናቸው» አሉ።

«ቀመሩ አንድ ፊደል ይጎድለዋል» አለ አስናቀ። «ማድረቁን የሚይዝ። ያኔ መስመሩ እንደየታንኳው ይተጣጠፋል።»

«ለሰኞ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

እሑድ፣ ባሕር ዳር

ፀሐይ ፊቴን ልጦት፣ ጣቶቼ በቀለም ጠቁረው ቤት ገባሁ። ያ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ሰው የተጠየቀውን ብቻ እንደሚመልስ ነው፤ ጥፋቱ የመላሹ አይደለም።

ሰኞ አስናቀ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ለታንኳ ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም አለ። ወረቀቱን አላስረከበም። ምሥራቅ ጀርመን ሌላ ሰው ሄደ። እሱ እስከ ክረምት መግቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ ደቅ እየተሻገረ፣ የሰረዛቸውን ባለታንኳዎች አንድ በአንድ መች መች እንደሚያደርቁ ጠየቃቸው።