ካባረሩት ሰዎች መሸኛ አምጣ የተባለው ሹፌር

ትናንት ጠዋት አንድ ሰው መኖሩን ልመሰክር ሄጄ ነበር። ሰውየው አጠገቤ ቆሟል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነግራችሁም... እኔም ነገ እዚያው ጉዳይ አለኝ።

ሰውየው ይመር ይባላል። ሐይቅ ላይ ከእኛ አጥር ማዶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሕዝብ አንድ የሚባለው የሚኒባስ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ከሐይቅ ደሴ በሰው ሚኒባስ ይሠራል። አባቱ የአምባሰል ሰው ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ ወለጋ ተወሰዱ። ይመር እዚያ ተወለደ፣ እዚያ መንዳት ተማረ፣ እዚያ አገባ። ከዚያ አንድ ቀን «አገርህ ግባ» ተባለና ነፍሱን ይዞ አገሩ ገባ። አገሩ ደግሞ «ተፈናቃይ» ብሎ መዘገበው።

ጣጣው መንጃ ፈቃዱ የሚታደስለት በመታወቂያው ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። መጠለያ ሳለ ጊዜያዊ መታወቂያ ተሰጠው፤ መንጃ ፈቃዱም ጊዜያዊ ሆነ። መጠለያውን ለቆ ቤት ሲከራይ መታወቂያው ተቀየረ፤ መንጃ ፈቃዱም እንደገና። በየጊዜው ፎቶ፣ በየጊዜው የዓይን ምርመራ። በደቡብ ወሎ ዓይኑ እንደሚያይ በማኅተም እንደ ይመር የተረጋገጠለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን መታወቂያውም መንጃ ፈቃዱም አለፈባቸው፤ ቋሚ ነዋሪ መሆኑ ካልተመዘገበ ደግሞ አይታደስለትም። የሚኒባሱ ባለቤት «የግሸን ንግሥ ደርሷል፤ እስከ ማታ ካላሳደስክ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብሎታል። አልፈርድበትም፤ መኪናው ቢታሰር የሚከስረው እሱ ነው።

ስለዚህ እኔና ሼህ እንድሪስ ምስክር ሆነን ተከተልነው። ሼህ እንድሪስ በወጣትነታቸው ከይመር አባት ጋር በአንድ ቀንበር ያረሱ ሽማግሌ ናቸው።

መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት በጣም ትሑት ነው። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

«ቋሚ ነዋሪ ለመሆን ከነበርክበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል» አለው ለይመር። «በሰላም ለቅቋል የሚል።»

«ወንድሜ፣ ስንወጣ እኮ ቀበሌው እየተቃጠለ ነበር።»

«ይገባኛል። ግን ሲስተሙ አያሳልፍም። በስልክ ጠይቃቸውና ይላኩልህ።»

«ማንን ልጠይቅ?»

ልጁ አሰበ። እውነቴን ነው... ቁጭ ብሎ አሰበ።

ሼህ እንድሪስ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ስማኝ የኔ ልጅ፣ እኔ የዚህን አባት አውቀዋለሁ። መኪና ላይ ሲጫን ቁሜ አይቻለሁ፣ ወላሂ!»

«አባባ፣ እርስዎ የመሰከሩት አባትየው ከዚህ መሄዳቸውን ነው። የልጃቸውን መምጣት አያስረዳም።»

«መምጣቱንማ ይኸው ፊትህ ተገትሯል!»

«መቆሙን አይቻለሁ አባባ። ነዋሪነቱን ነው የጠየቅሁት። ምናልባት አባትየው ያኔ ሲሄዱ መሸኛ ወስደው ከሆነ፣ እሱን ብታመጡት ይረዳል።»

«ጭናችሁ ስትወስዱት ማን መሸኛ ሰጠው?!» ሼህ እንድሪስ ጮሁ። ልጁ ያኔ አልተወለደም፤ ግን ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው እሱ ነውና ቁጣውን ተቀበለው። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ጥርሴን ነክሼ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍ አነባለሁ።

ይሄኔ የቢሮው ኃላፊ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከክፍሉ ብቅ አለ። ደሴ ሲመላለስ የይመር ደንበኛ ኖሯል።

«ይመር! አንተን ነው አላህ ያመጣልኝ! እንግዶች ግሸን ማድረስ አለብኝ፣ ሹፌራችን ታሟል። ያንን ጠመዝማዛ እንደ አንተ የሚያውቀው የለም። እንካ ቁልፉን!»

«አለቃ፣ መንጃ ፈቃዴ አልፎበታል። እሱን ላሳድስ ነው የመጣሁት።»

«የመንግሥት መኪና ማን ያስቆማል? አድርሳቸው፤ ስትመለስ ያንተን ነገር እናየዋለን።»

መስኮቱ ላይ ያለው ትሑት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ኮምፒውተሩን ማየት ጀመረ። ሲስተሙም ዝም አለ።

እኔ ይመርን ክንዱን ያዝሁት። «ሂድ እንጂ! ማታ ቁልፍህን ከምታጣ...» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ እዚያ ዳገት ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ሹፌር ተሳሳተ አይሉም። ፈቃድ የሌለው ተፈናቃይ ሰው ፈጀ ነው የሚሉ። መጠለያ የቀሩት ሹፌር ልጆችም በኔ ዳፋ ሁለተኛ መሪ አይጨብጡም።»

ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረ። «አለቃ፣ አሁን ያሳድሱልኝና አሁኑኑ እነሳለሁ።»

የኃላፊው ፊት እንደ መስኮት ተዘጋ። «እንግዲህ ለሰው ማሰብ ትርፉ ይህ ነው» ብሎ ቁልፉን ይዞ ወጣ። እንግዶቹን ራሱ እየነዳ ወሰዳቸው፤ መንዳት ይችል ኖሯል። ልጁ ደግሞ በዚያው ለስላሳ ድምፁ «ቀጣይ» አለ።

ማታ የሚኒባሱ ባለቤት መጥቶ ቁልፉን ወሰደ።

ዛሬ ጠዋት ይመር አጥሩን ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ሁለተኛ ምልልሱ ላይ ነው። ሼህ እንድሪስ «አብሽር» እያሉ ሊያጽናኑት አጠገቡ ቁጭ ብለዋል።

«ሳዑዲ ልሞክር መሰለኝ፣ ጋሼ» አለኝ።

«በበረሃ? በዚያ ባሕር?»

«እዚያ ቢያንስ ገና ከመነሻው የውጭ ሰው ነህ ይሉኛል።»

«አትሂድ» አልኩት... ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።