ሲጢጥ የሚለው ፍሬን

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ከሌሎች ሰፊዎች ጎን ተቀምጠው የወታደር ዩኒፎርምና የአስተማሪ ኮት ይሰፉ ነበር። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። እዚያ መንገድ ላይ ያደገ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሲጢጥ ያለ ነገር ዘይት ጠምቶታል። መኪናው ሲጢጥ ካለ ዘይት፣ በሩ ሲጢጥ ካለ ዘይት፣ መቀሱ ከከበደ ዘይት። አፏ ሹል የሆነች ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ ከአባቴ አጠገብ አትጠፋም ነበር። አንድ ቀን ሊጠይቀን የመጣ ዘመድ የተቀመጠበት ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰውየውን አስነስተው ወንበሩን ዘይት አጠጥተውታል።

እኔ ድሬሰር ነበርኩ። ሥራዬ ከከተማው ውጭ ሶፊ ገጠር ያሉትን ነፍሰ ጡሮች እየዞሩ ማየትና ሕፃናት መከተብ ነው። ሶፊ በእግር ሲኬድ ቀኑን መንገድ ይበላዋል፤ ሥራ የሚጀመረው ሰው ከደከመ በኋላ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ሲዛወር ይነዳው የነበረው ዶቅዶቄ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኔ ልንዳው አልኩ። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ የመጡ ጨዋ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ሳቁ፤ እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያዩ ተዉት።

«እሺ፣ ንጂው» አሉኝ። «ግን አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥሎሽ ከቀረ፣ በማግስቱ ለወንድ ሠራተኛ እሰጠዋለሁ። አንቺ እዚሁ ቁስል ታጥቢያለሽ።»

እንግዲህ ጥሎኝ እንዳይቀር ማድረግ የኔ ፋንታ ሆነ። ከጀጎል በር ውጭ ጋራዥ የነበራቸው አንድ ሐረሪ መካኒክ ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ ሄጄ አስተምሩኝ አልኩ።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ወላሂ፣ ዶቅዶቄ ከሰው አመል አይከፋም። ካንዴላውን ንጹሕ አድርጊ፣ ፍሬኑን እዪ። ፍሬን ሲጢጥ ሲል አትፍሪ፤ ጭራሽ ዝም ሲል ፍሪ።»

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ውስጥ ካንዴላውን እፈታለሁ። ጫፉ ደርቆ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጠቁሮ ከረጠበ አንድ ነገር ጎድሏል። ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፌ፣ ብልጭታው የሚዘልባትን ክፍተት ከአባቴ መሳቢያ ባገኘኋት ቀጭን የስፌት መርፌ እለካለሁ። መርፌዋ ሳትጨናነቅም ሳትላላም ካለፈች እሰየው ነው። ቀጥዬ የፍሬኑን ሽቦ አጠብቃለሁ።

አባቴ ይህን ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚያሳልፉት። ዶቅዶቄውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። የሴት ሱሪ አልሰፋም ስላሉኝ በገዛ መኪናቸው ራሴ ሰፋሁት። ለብሼው ስወጣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ኪሱ ጠሟል» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነው። አቦከር ሰፈር ካለው ቤታችን እስከ ኤረር በር ድረስ ሞተሩን ሳላስነሳ እገፋው ነበር፤ የጀጎል መንገድ ጠባብ ነው፣ የሰው ደጃፍ ላይ ማንባረቅም ነውር ነው። በሩን አልፌ አስነሳሁና ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ከታች አህዮችና እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ይወጣሉ። ፍሬኑን ረገጥኩ። ዝም። የእጁን ጨበጥኩ። እሱም ዝም። እግሬ ሥር ምንም የሚይዝ ነገር አልነበረም።

«ዞር በሉ!» ብዬ ጮኽኩ። ማርሹን ወደ ታች መለስኩት፤ ሞተሩ እያጓራ ትንሽ ገታኝ። በጫማዬም መሬቱን ጎተትኩ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴትዮ ከአህያዋ ያራገፈችው የማሽላ አገዳ ተከምሯል፤ ሌላ የምመርጠው አልነበረምና ከነዶቅዶቄው ሰተት ብዬ ገባሁበት።

«ያ ረቢ!» አለች ሴትዮዋ እጄን ይዛ እያነሳችኝ። «አገዳዬን ፈጀሽው! አንቺን ግን አላህ ጠበቀሽ።»

ተጫጫርኩ እንጂ አልተጎዳሁም። የፈራሁት ሌላ ነው። ሐረር ላይ ወሬ ከዶቅዶቄ ይፈጥናል፤ ከኃላፊው ጆሮ ሳይደርስ አይውልም። ሶፊ ደግሞ እግሯ ያበጠ አንዲት ነፍሰ ጡር ትጠብቀኛለች፤ ዛሬ እመጣለሁ ብያታለሁ። በእግሬ ብሄድ እደርስ ይሆናል፤ ዶቅዶቄው ግን ከዚያች ቀን ወዲያ የኔ አይሆንም። እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጬ ጎማውን ፈታሁ።

የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሶ ያብረቀርቃል። አሸተትኩት። የሞተር ዘይት አይደለም። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው የአባቴ ሱቅ ሽታ ነው። ብስጭትም ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

ከታንከሩ ቤንዚን ቀዳሁና ሸራውን አጠብኩት፤ ከአባቴ ሱቅ በለቃቀምኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ አደረቅሁት፤ ዘይት የጠጣውን ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። የፊቱንም እንዲሁ። ገጥሜ ሳበቃ ሞተሩ እምቢ አለ፤ በጎኑ ተኝቶ ስለነበር ቤንዚን አጥለቅልቆታል። ካንዴላውን አውጥቼ አደረቅሁ፣ በመርፌዋ ለክቼ መለስኩት። ስረግጠው ተነሳ። የባለ አገዳዋ ሴትዮ እልል አለች።

ሶፊ ደርሼ ነፍሰ ጡሯን አየኋት፤ ከሰዓት በኋላ ነድቼው ተመለስኩ። ኃላፊው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ጥሎሽ ቀረ አሉኝ።»

«አልቀረም። ይኸው፣ ነድቼው መጣሁ።»

የጠቆረ እጄን አዩ። «ሁለተኛ እንዳልሰማ» ብለው ገቡ።

አሁን የቀሩኝ አባቴ ናቸው። ዝም ብል፣ በሚቀጥለው ሲጢጥታ ቆርቆሮአቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብናገር ደግሞ፣ ራሳቸው ኃላፊው ዘንድ ሄደው «ውሰዱባት» እንዳይሉ ፈራሁ። ቢሆንም ዶቅዶቄውን እየገፋሁ ሱቃቸው ደጃፍ ወሰድኩት።

«አባባ፣ ፍሬኑን ዘይት ያጠጡልኝ እርስዎ ነዎት?»

ፊታቸው በራ። «አየሽው? ሰፈር እስኪሰማ ሲጢጥ ሲል አላስችል አለኝ። የኋላውንም የፊቱንም ደህና አድርጌ አጠጣሁልሽ።»

ያን ዕቃ በእጃቸው የነኩት ያን ጠዋት ብቻ ነው። ግን ተንበርክኬ ጎማውን ፈታሁና ሸራውን አሳየኋቸው። «ጎማውን አንቆ የሚያቆመው ይሄ ነው፣ አባባ።»

ሸራውን አዩ። ከዚያ ዞረው የስፌት መኪናቸውን አዩ። መኪናው ላይ ክሩን መሃላቸው ጨብጠው የሚያጠብቁ ሁለት ትንንሽ ክብ ብረቶች አሉ። እነሱን ዘይት አይነካቸውም፤ ከነካቸው ክሩ ይንሸራተታል፣ ስፌቱ ይላላል። ልጅ ሆኜ አንዴ ዘይት ላንጠባጥብባቸው ስል እጄን መትተውኛል።

«የክር መያዣውን ነው ዘይት ያጠጣሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ አባባ።»

«የት ላይ እምቢ አለሽ?»

«ኤረር በር ቁልቁለቱ ላይ።»

እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። የጎረቤቶቹ መኪናዎች ግር ይላሉ፤ የሳቸው ዝም አለ።

«ልገድልሽ ነበር።»

«አልሞትኩም። ሶፊም ደርሼ መጣሁ።»

«ነገ አትሄጂም።»

«እሄዳለሁ። ሴትዮዋ መውለጃዋ ደርሷል።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሸራውን ከእጄ ተቀበሉና ጨርቅ ሲገዙ እንደሚያደርጉት በጣታቸው ዳሰሱት። «እዚህ ጋ ገና ያንሸራትታል» አሉ። የብርጭቆ ወረቀቱን ወሰዱ፤ የሰው ኮት ጠረጴዛው ላይ ትተው ሱቅ እስኪዘጋ ድረስ ሲፈገፍጉ ቆዩ።

በማግስቱ ስነሳ ቤት አልነበሩም። ኤረር በርን አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር፣ ታች መንገዱ ዳር ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ቆመው አየኋቸው። ፍሬኑን ረገጥኩ። ሲጢጥ! አህዮቹ በረገጉ፤ እኔ ልክ አባቴ ፊት ቆምኩ።

አማተቡ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ጎማው እያመለከቱ፣ «ሁለተኛ ይህን ሲጢጥታ ሳልሰማ ቤቴ እንዳትገቢ» አሉኝ።